ሽማግሌ መሃል እያለ

ዳቦ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። ሊጥ እየቆራረጥን፣ «እስኪ በእመብርሃን፣ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት መሥሪያ ቤት ይሻላል ወይስ እንዲህ እንደኛ ዝም ብሎ መሥራት?» ትለኛለች። ፋብሪካ እንደነበርኩ ስለምታውቅ ነው። አንዳንድ ቀን «ይሻላል እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ተይኝ እባክሽ፣ ራሴን አታዙሪው» እላታለሁ። ሁለቱም ከልቤ ነው። ደክሞኛል፤ የደከመው ሰው አንድ ሐሳብ ላይ ረግቶ መቆም ያቅተዋል። ለሷ ሁልጊዜ ግማሹን ነግሬ የምተወውን ነገር እዚህ ልጨርሰው።

ከዓረብ አገር የተመለስኩት ልጄ ፊደል መቁጠር በጀመረችበት ዓመት ነው። ስሄድ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ተወልጄ ያደግሁበት ገሳይ፣ እቴቴ ጋ ጥያት ነው የሄድኩት። እቴቴ የምላት ያሳደገችኝን ሴት ነው። እናቴ ጡት ሳታስጥለኝ ሞተች፤ አባቴን መልኩንም አላውቀው። እቴቴ ጎረቤታችን ነበረች እንጂ በሥጋ አንዛመድም። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ከለቅሶው ቤት አዝላኝ ወጣች፣ በዚያው ቀረሁ። እኔን አሳድጋ ዳረችኝ፣ ትዳሬ ሲፈርስ በሯን ከፍታ ተቀበለችኝ፣ ዓረብ አገር ስሄድ ደግሞ ልጄን እንደገና አንድ ብላ ማሳደግ ጀመረች። ስመለስ ልጄ እናቴ የምትለው እሷን ነበር። እኔን «ያቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ያን ዕለት ማልኩ፤ ሁለተኛ ከልጄ ተለይቼ የትም አልሄድም አልኩ።

ላለመሄድ ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። ይዤው የመጣሁት ነገር ሳይውል ሳያድር አለቀ። በሰው በሰው ተብሎ ደብረ ታቦር ዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ገባሁና ልጄን ከገሳይ አምጥቼ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሥራው ዱቄቱ ከሚወርድበት ቧንቧ ሥር ማዳበሪያ ይዞ መቆም፣ ሲሞላ መመዘን፣ አፉን በማሽን መስፋት፣ ለጫኞቹ መግፋት ነው። ማታ ቅንድቤ ሁሉ ነጭ ሆኖ ስገባ ልጄ «አሮጊት መስለሽ መጣሽ» ብላ ትስቅብኛለች። ትሳቅ! ያቺ ሥራ ከእጄ ከወጣች ፓስፖርቴን ከሻንጣ ማውጣት እንደሆነ እሷ አታውቅም፤ እኔ ግን በየቀኑ ነበር የማስበው።

የመጀመሪያ ቀን ጠና ያሉ ሰውዬ፣ የወፍጮው ኦፕሬተር፣ ማሽኑ አጠገብ ሲያዩኝ ተንደርድረው መጡና «አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽን ሳትሸፍኚ እዚህ እንዳትቆሚ። ማስክ ካልሰጡሽ ለነሱ ሳይሆን ለኔ ንገሪኝ» አሉኝ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ። ዓረብ አገር እያለሁ ማዳም ጫማ ስትወረውርብኝ የምነግረው ሰው አልነበረኝም፤ ለግድግዳው ነበር የምነግረው። «ለኔ ንገሪኝ» የሚል ሰው ፊቴ ቆሞ ሳይ እንባዬ መጣ። ዱቄት ገባብኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ማኅበሩ ያመጣውን ነገር ልካደው ብል እግዜር ይታዘበኛል። ማስኩና ቱታው፣ ለአቧራው ተብሎ የሚሰጠን ወተት፣ የማታ ፈረቃ ሴቶችን በር ድረስ የሚያደርሰው ሰርቪስ፣ ሁሉም በነዚያ ሰዎች ጭቅጭቅ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ የፈረቃ ኃላፊው አንዷን ልጅ በሰው ፊት «ደደብ» ብሎ ሰደባት። ሊቀመንበራችን ማሽኑን አላቆሙም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቢሮ ሄደው ተነጋገሩና በማግሥቱ ኃላፊው ፈረቃው በሙሉ ተሰብስቦ እያለ ይቅርታ ጠየቃት። የፉርሽካውን ክምር እያየ ነው ይቅርታ ያላት፣ ግን አላት። እኔ በሕይወቴ አሠሪ ይቅርታ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሚያንገሸግሸኝም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ይጠራል። አንዱ ተነሥቶ «ከኔ በፊት በተናገሩት ሐሳብ እስማማለሁ» ብሎ ያንኑ ከሥር ጀምሮ ይደግመዋል፤ ሌላው ይነሣና «እኔም ልጨምር» ይላል፤ የሚጨምረው የለም። ልጄ ቤት ተዘግቶባት እኔ እዚያ ወንበር ላይ እቁነጠነጣለሁ። ደግሞ የመጋዘኑ ሰውዬ አለ። ቀኑን ሙሉ ፉርሽካ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ የሱን ጭነት የምንጎትተው እኛ ነን። ሥራ አስኪያጁ ሊያባርረው ሲነሣ ማኅበሩ ግንባሩን ሰጥቶ ይቆምለታል። «ጋሼ፣ ይህን እንቅልፋም ምን ብላችሁ ነው የምትከላከሉለት?» ብላቸው «ዛሬ እሱን ካስነካን ነገ አንቺን ይነኩሻል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ወገቤ ግን እሺ አላለም። በኋላ ሚዛን ላይ ተቀምጦ የመመዝገብ ቦታ ሲለቀቅ፣ ቅድሚያ ለቆየ ሠራተኛ ነው ተባለና ለማን ደረሰ? ለዚያው ለእንቅልፋሙ። ተቀምጦ መተኛት ጀመረ። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ የትኛውን እንደማስቀድም አጣሁ።

እንዲህ እየሳቅሁም እየተናደድኩም ስኖር፣ ቅበላ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከገሳይ ተደወለልኝ። እቴቴ ሌሊቱን ደክማ አድራ ጠዋት አረፈች።

ለፈረቃ ኃላፊው ደወልኩ። «እቴቴ ሞተችብኝ» ስለው «እግዜር ያጽናሽ፣ ሂጂ ሂጂ» አለኝ። ልጄን ይዤ ሄድኩ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ልጅ የሚባለው ሰው በር ላይ ተቀምጦ ለቀስተኛ መቀበል አለበት። ከሩቅ የሰማ ከሰልስት በኋላም ይመጣል፤ ከይፋግ በኩል እንኳ የመጣ ነበረ። «ልጇ የት አለች?» ብሎ ነው የሚገባው። የእቴቴ ልጅ እኔ ነኝ፤ ከኔ ሌላ የላትም። ሰልስት ሲወጣ ልነሣ አሰብኩ። የሰፈሩ ሴቶች ዓይን ዓይኔን እያዩ «ሰባቷን ሳታወጪ?» አሉኝ። ማንም ባይለኝም አልሄድም ነበር። የመቃብሯ አፈር ገና ሳይደርቅ ወደ ዱቄቴ የምሮጥ ምን ሆኜ ነው? ሰባቷን አውጥቼ ተመለስኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ፊቱን አዙሮ «ቢሮ ይፈልጉሻል» አለኝ። የሰው ኃይል ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «እግዜር ያጽናሽ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «የሞተችው እናትሽ ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ያሳደገችኝ ናት።»

«እኮ፣ እናትሽ ናት?»

«እናቴማ በልጅነቴ ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

ማኅደሬን ገለጠው። እናቷ በሕይወት የለችም ይላል፤ ስቀጠር ራሴው ነኝ ያስሞላሁት። የኅብረት ስምምነቱን አወጣና የሐዘን ፈቃድ የሚለውን አነበበልኝ። ባል፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅት፣ አያት እያለ ወረደ። ያሳደገ የሚል የለም። ቀደም ሲል ልጄ ታማብኝ በቀረሁበት ጊዜ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም ነበረብኝ። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ነው የቀረሽው፣ ተሰናብተሻል አለኝ። የፈረቃ ኃላፊው ሂጂ ብሎኛል ስለው «እናትሽ መስላው ነው፤ ወረቀትም አልሰጠሽ» አለ። የሚገርመው ያንን ስምምነት የተፈራረመልኝ የኔው ማኅበር ነው። ሲፈራረሙ አጨብጭቤያለሁ። እዚያ ወረቀት ላይ እቴቴ እንደሌለች ማን ልብ አለ? እኔም አላልኩ።

ሊቀመንበሩ ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያዙ። «ያሳደገ እናት ካልሆነ ማን ነው እናት?» ብለው ጮኹ። በማግሥቱ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ እኔንም ጠሩኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ላብራቶሪ የምትሠራ ሴት ነበረች። «ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍርድ ቤት እንክሰስ፤ ጊዜ አለው፣ ሳያልፍብን» አለች። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወዛወዙ። «ክስ ቂም ነው። ሥራ አስኪያጁ የደብራችን ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌ እንላክበት። ሽማግሌ አይመልስም።»

«እሺ፣ ክሱም ይግባ፣ ሽማግሌም ይሂድ» አለች ጸሐፊዋ።

«ሽማግሌ መሃል እያለ ክስ?» አሉ፤ እንዲያው ያረጀ ሥጋ እንደቀረበላቸው ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ነውር ነው! ሽማግሌውን መስደብ ነው። ማን ከዚያ በኋላ ይቀበለናል?»

ሁሉም «ልክ ናቸው» አለ። እኔም አልኩ። ይህን የምለው ማንንም ላለማሳጣት ነው፤ ሊቀመንበራችን በየገጠሩ ደም ያደረቁ፣ የተገዳደለ ቤተሰብ አስታርቀው አንድ ማዕድ ያስቀረቡ ሰው ናቸው። ደም ያደረቀ ሰው አንዲት የማዳበሪያ ሰፊ ወደ ሥራዋ መመለስ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል? ይልቁንም ደስ አለኝ። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር እፈራለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። ሊቀመንበሩ፣ ከፋብሪካው በጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት፣ እና የሥራ አስኪያጁ የንስሐ አባት። የንስሐ አባቱን ማግኘታችን እንደ ትልቅ ብልሃት ነው የታየን። እኔ በሩ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለን፤ መስቀል ተሳለመ፤ ጋቢያችንን ሳመ ማለት ይቀላል» አሉኝ። «ምን አለ ታዲያ?» ስል «'እናንተን አላሳፍርም፤ ግን የሚወስነው የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ያኔ አነጋግረዋለሁ' አለ» አሉኝ። ጾሙ ገና መግባቱ ነበር። ሁዳዴ እንዴት ረጅም ጾም እንደሆነ ያን ዓመት ነው ያወቅሁት።

ጾሙን ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ። ልብስ አጠብኩ፣ ለሰው ሽሮ አስፈጨሁ፣ ሽንኩርት ቸረቸርኩ። ዓረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ ስልኬን ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ «እኅቴ፣ ልምድ ያላት ሰው ይፈልጋሉ፤ ቶሎ ነው የሚያልቀው» እያለ ይደውላል። ልጄ ድምፁን ለየችው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መጫወቷን ትታ ትመጣና ቀሚሴን ትይዛለች። ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር። «የትም አልሄድም አልኩሽ እኮ!» ብዬ እቆጣታለሁ። ደግሞስ ብሄድ ለማን ጥያት ነው የምሄደው? ልጄን አምኜ የምተውላት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ቀብሬ መምጣቴ ነው ለዚህ ያበቃኝ።

ፋሲካ መጣ። ባለቤቱም መጣ አሉ፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ተመልሶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ተነሣ፣ አሁንም መስቀል ተሳለመ። «በዓል ስለሆነ አላነሣሁበትም፤ ርክበ ካህናት ይለፍ፣ በስልክ አስጨርሰዋለሁ» አለ። ሰውየው ክፉ ነው ብዬ አልምልም። እንዲያው ሽማግሌ ፊት «እምቢ» ማለት ያልቻለ፣ «እሺ» ለማለትም ያልደፈረ ሰው ይመስለኛል። ወይም ደግሞ ቀኑን እየቆጠረ ነበር። እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጸሐፊዋ አንድ ቀን ሽንኩርት ከምሸጥበት ድረስ መጣችና «ስሚኝ፣ ጊዜው እያለቀ ነው፤ ብቻሽንም ቢሆን ሄደሽ ክሰሺ» አለችኝ። ሊቀመንበሩን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ብከስ ይቀየሙኛል?»

«እኔ ምን እቀየማለሁ፤ አባታችን ናቸው የሚቀየሙት። በንስሐ ልጃቸው ፊት ምን ብለው ይቆማሉ? ትንሽ ታገሺ፤ ቃል ሰጥቶናል።»

ታገስኩ። ሌላ ምን ላድርግ? አባታችንን ማሳፈር ከበደኝ። ርክበ ካህናት፣ ከፋሲካ ሃያ አምስተኛው ቀን፣ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቷል ተባሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም መስክ ነው ተባሉ። ያኔ ሊቀመንበሩ ራሳቸው «በቃ፣ ክሰሺ» አሉ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዬን ሰማኝ፤ «መቼ ነው የተሰናበትሽው?» አለኝ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ወይ እኅቴ! ወደ ሥራዬ ልመለስ ለሚል ሰው ሕጉ የሚሰጠው ሦስት ወር ነው። አልፎብሻል እኮ» አለኝ። ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ጻፈልኝ።

ችሎት ላይ የፋብሪካው ጠበቃ ስለ እቴቴ አንድ ቃል አልተናገረም። እናት ናት አይደለችም የሚል ክርክር ውስጥም አልገባም። ጊዜው አልፏል፣ በይርጋ ይዘጋልን ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው ወደኔ ዞረው «ለምን ዘገየሽ?» አሉኝ።

«ሽማግሌ ልከን ነበር፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዳኛው እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። «ሽማግሌ መላካችሁ ደግ ነው» አሉ። «ግን ሽማግሌ እየሄደ ሕጉ አይቆምላችሁም። ይህን የሚነግራችሁ ማኅበር አልነበራችሁም?» ሊቀመንበሩ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ዞሬ አላየኋቸውም። መዝገቡ ተዘጋ።

ውጪ ስንወጣ ሊያጽናኑኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ማስክ አጣሁ ብዬ አልነበረም እርስዎ ጋ የመጣሁት። ሥራዬን ነው አደራ ያልኩዎት! የሰው ነውር እየጠበቃችሁ የኔን እንጀራ አስበላችሁኝ!» አልኳቸው። በአደባባይ ነው ያልኩት፣ በሳቸው ዕድሜ ባለ ሰው ላይ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በቆምኩበት ትተውኝ ቁልቁል ወረዱ። እስከ ዛሬ አልጸጸትበትም፤ እውነቴን ነው።

ዳቦ ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው። «እኅቴ» ነው የሚለኝ፤ ሲዘጋ የተረፈ ዳቦ ለልጅሽ ውሰጂ ይለኛል። ስብሰባ የለም፣ መዋጮ የለም፣ የሚተኛ ሰው ቢኖር በዚያው ቀን ይባረራል። አንድ ጊዜ ልጄ ጆሮዋን ታማ ስነግረው «ሂጂ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ» ብሎ ላከኝ፤ ያለ ማኅተም፣ ያለ ወረቀት። ሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ስለው «የናንተ ልጆች ደግሞ ሥራ ሲበዛ ነው የሚታመሙት» አለኝ። ያው ሰው ነው። ያደረው እንዴት እንደሆነ ጠዋት ፊቱን አይቼ ነው የማውቀው። ፋብሪካ እያለሁ ጠዋት ስገባ የማንንም ፊት አላይም ነበር። ማኅበር ማለት ለኔ እሱ ነው፤ የሰው ፊት ሳያዩ መግባት። ግን ደግሞ ማኅበሩ ያመጣብኝንም አይቻለሁ። ለዚህ ነው ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ምላሴ የሚተሳሰረው።

ዘንድሮ ጾሙ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው። የሠርጉ ሰሞን ረዘመና ዳቦ ቤቱ ትእዛዝ በትእዛዝ ሆነ። በዚሁ መሃል ሊቀመንበሩ ቤቴ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተያየንም ነበር። በሩ ላይ ቆመው «ግቡ ካላልሽኝ እመለሳለሁ» አሉኝ፤ «ኧረ ይግቡ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው» ብዬ አስገባኋቸው። ከስተዋል። አዲስ የኅብረት ስምምነት ተፈራርመዋል። የሐዘን ፈቃዱ ላይ «ያሳደገ» የሚለው ቃል ገብቷል። «ሌላውን ሁሉ ልቀቁ ቢሉንም ለቀቅን፤ ይህችን ግን አልለቅም ብዬ ተቀምጬ ነው ያስገባኋት። በአንቺ ምክንያት ነው። የመጋዘኑ ሰውዬ ያሳደጉት አጎቱ ሞተውበት ባለፈው ቀብሮ ሰልስቱን አውጥቶ መጣ፤ ማንም ቃል አልተናገረውም» አሉኝ።

«እሰይ!» አልኳቸው። ከልቤ ነው፤ ለሳቸውም አዝኜ ነው። የሚጠጣ ነገር አቀረብኩላቸው። እንቅልፋሙ ሰውዬ በእቴቴ ፈቃድ ለቅሶ መድረሱን ሳስብ ልስቅ ቃጣኝ፣ ግን አልሳቅኩም። ሲወጡ «የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው። ከዚያ የቀረችኝን ነገር ማሰብ ጀመርኩ፤ የእቴቴ ሙት ዓመት በዚያው ሳምንት ነበር።

በማግሥቱ የዳቦ ቤቱን ባለቤት አንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩት። ፊቱን አየሁት፤ ቀኑ መልካም አልነበረም። «እኅቴ፣ የዚያ ቀን የሁለት ሠርግ ዳቦ አለብን። ሙት ዓመት በሌላ ቀን አይሆንም?» አለኝ።

«አይሆንም፤ ካህናቱም ተነግረዋል፣ ሰውም ተጠርቷል።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን የዚያ ቀን በቦታሽ ሰው ማስገባቴ አይቀርም።» በቁጣ አላለኝም። እንዲያውም አዝኖ ነው ያለኝ። የገባ ሰው ደግሞ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እኔም የገባሁት በሌላ ሰው ቦታ ነው። የምከራከርበት አንቀጽ የለኝም፤ የምልከው ሽማግሌም የለኝም። ደላላው ደግሞ አሁንም ይደውላል።

ልጄን ለገበያ ከመጣ የገሳይ ጎረቤታችን ጋር ላክኋት። ለካህናቱ የሚሆነውን አስያዝኳት። በሚኒባሱ መስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ «በይ ደህና ሂጂ፣ ለሰው ሁሉ ተነሺ፣ እጅ ንሺ» ብዬ ወደ ሊጤ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ዳቦ ሳወጣ ዋልኩ። ለቀብሯ ስል ሥራ ያጣሁላትን ሴት፣ ሙት ዓመቷን ሥራ እንዳላጣ ብዬ ቀረሁባት።

አመሻሹ ላይ ልጄ ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። «ሰው መጣ?» አልኳት።

«ብዙ ሰው መጣ።»

«ስለኔ ጠየቁሽ?»

«አዎ። 'እናትሽ ታማ ነው?' አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አልታመመችም፤ ዳቦ እየጋገረች ነው አልኳቸው።»

«ታማለች ብትያቸው ምን ነበረበት!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አትዋሺ ብለሽኝ አልነበረም?» የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «እቴቴ ናት አትዋሺ ያለችኝ» አለችኝ።